«ልጄን አውርዱልኝ»ን ይዘን ሰቆጣ

ሰቆጣን ለማያውቅ ሰው ስለዚያ ጉዞ ሳወራ የምጀምረው ከመንገዱ ሳይሆን ከሳምሶን ነው። አቧራውን ታጥቤ አስለቅቄዋለሁ፤ ገደሉንም ከሞላ ጎደል ረስቼዋለሁ። የሳምሶን ድምፅ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ ሰዓሊ ነኝ። በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ የሳልኩት ታሪክ ነበረኝ፤ ኋላ ተሰብስቦ ቀጭን ኮሚክ መጽሐፍ ሆነ። ስሙ «ልጄን አውርዱልኝ» ነው። አንድ የዋግ ሰው፣ የዝቋላ ወረዳ ገበሬ፣ ልጁ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ መሆኑን ይሰማና ተራራና ሸለቆውን በእግሩ አቋርጦ ሰቆጣ መናኸሪያ ይደርሳል። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ፊቱ ቆሞ «ልጄን አውርዱልኝ!» ብሎ ይጮኻል፤ ልጅቷም ትወርዳለች። ታሪኩን የሰማሁት ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ አብሮኝ ተከራይቶ ይኖር ከነበረ የዋግ ሰው ነው። አገሩን ግን አላየሁትም ነበር፤ የሳልኩትም እሱ በነገረኝና እኔ በመሰለኝ ነው።

ጊዜው በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ለአማርኛ የቪዲዮ ፊልም ሰልፍ የሚያዝበት ጊዜ ነበር። ሳምሶን ዳይሬክተር ነኝ ብሎ መጣና መጽሐፉን ፊልም ላድርገው አለኝ። ደራሲ ሁሉ የሚሰጋው «ታሪኬን ያበላሹብኛል» ብሎ ነውና እኔም ሰጋሁ። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አንዲት መስመር ብነካብህ ከሰው አትቁጠረኝ» ብሎ ማለልኝ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ደሴ

በተከራየናት አሮጌ ላንድክሩዘር ተሳፍረን ጎህ ሲቀድ ወጣን። መኪናዋንም ካሜራውንም የያዘው ግርማ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ሜሮን፣ አባትየውን የሚጫወቱት ደግሞ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመድረክ ላይ የፈጁ አንጋፋ ተዋናይ። የአባትየውን ጺም ለሁለት ተከፍሎ ስለሳልኩት፣ ሳምሶን ከፀጉር ያሠራውን ሁለት ጫፍ ያለው ጺም በፌስታል አንጠልጥለው ነበር የመጡት።

ጣርማበር ላይ ጉሙ እጅ አያሳይም። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ደግሞ ሸሚዛችን ከጀርባችን ተጣበቀ። ምሳ ላይ ሳምሶን በላስቲክ የለበጠውን መጽሐፍ አወጣና «ጋሽ ደምሴ፣ አባትየው እንጀራ ሲቆርስ ትንሿን ጣት ለየት አድርጎ ነው» አላቸው።

«እንዴት?»

«ይኸው፣ እዩት።»

አየሁት። እውነትም ትንሿ ጣት ወደ ላይ ቆማለች። ቀለሙ ፈስሶብኝ ለማረም ስሞክር የወጣች ጣት ናት። ይህንኑ ነገርኩት። «ምክንያቱ አይመለከተኝም፤ መጽሐፉ ላይ አለች» አለኝ። ጋሽ ደምሴ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ጣታቸውን አቁመው እንጀራ ሲቆርሱ፣ አስተናጋጇ ታመው መስሏት ውሃ ይዛ መጣች።

ደሴ ያደርነው ፒያሳ አካባቢ ነው። እኛ ካዛንቺስ ውስጥ አልጋ የያዘ ሰው የሚማረረው በጎረቤት ጭፈራ ነው፤ ደሴ ላይ ግን ጭፈራም ሳይኖር፣ ሳምሶን በግድግዳው ማዶ የገጽ ቁጥር እየጠራ ሲያነብ ሰማሁት።

ሁለተኛው ቀን፤ ከደሴ ኮረም

ወልዲያ ቁርስ በላን፣ ቆቦን አለፍን፣ አላማጣ ላይ ጎማችን ፈነዳ። ጎማ ጠጋኙ ሰውዬ ፀሐይ ላይ መቆማችንን አይቶ ሥራውን ትቶ ከቤቱ አግዳሚ ወንበር አወጣልን፤ ባለቤቱም በትልቅ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ላከችልን። አዲስ አበባ ጎማ የፈነዳበት ሰው የሚያገኘው ጥሩምባና ስድብ ነው።

ከዚያ የግራካሱን ዳገት መውጣት ጀመርን። መንገዱ ተራራው ላይ እንደ መቀነት ይጠመጠማል፤ ከታች የአላማጣ ሜዳ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወቁትን ታቦት ሁሉ ጠሩ። ኮረም ስንደርስ ከመኪናው ወርደው መሬቱን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» አሉ።

«ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ዳገት የለም እኮ» አልኳቸው።

«እንደሱ ያለ ባይኖርም ሌላ ዓይነት ይኖራል። እኔ ሐምሌትንም ንጉሥንም የሆንኩት ሜዳ ላይ ነው።»

ለመንናቸው። ሳምሶን ደግሞ ነገሩን ያባባሰው ሲለምን ነው፤ «ጺሙ እኮ በእርስዎ ፊት ልክ ነው የተሠራው» አላቸው። ጋሽ ደምሴ ፌስታሉን እጁ ላይ አስቀምጠውለት ወደ ወልዲያ በሚመለስ መኪና ተሳፈሩ። አባት የሌለው ፊልም ይዘን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብር ከተማ ውስጥ ቀረን። ያሳደረችን ሴት ልብሳችን ሳስቶ ብታይ የራሷን ጋቢ አምጥታ ሜሮን ላይ ጣል አደረገችላት፤ ጠዋትም «ሰቆጣ ድረስ ልበሽው፣ በአውቶቡስ ትልኪልኛለሽ» አለቻት። የማታውቃትን ሰው!

ሦስተኛው ቀን፤ ከኮረም ሰቆጣ

የኮረም ሰቆጣ መንገድ ድንጋይና አቧራ ነው። እርከኑ እንደ ደረጃ ተራራውን ይዞ ይወርዳል፤ ማሽላው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ቆሟል። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሰማዩም ከኛው ይሰፋል፤ እኛ ሰፈር ሰማይ የሚታየው በቆርቆሮና በመብራት ሽቦ መሀል ነው። እኔ በመስኮት እያየሁ «ምነው መጥቼ አይቼ በሳልኩት» እያልኩ ስቆጭ፣ ሳምሶን መጽሐፉን ከመልክዓ ምድሩ ጋር ያስተያያል።

«ተራራው የት አለ?» አለኝ።

«የቱ?»

«ይኼ! ጫፉ የሾለው።»

«ሳምሶን፣ በዙሪያህ ተራራ እንጂ ምን አለ? ያንን የሳልኩት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አይቼ ነው። የስዊዘርላንድ ሳይሆን አይቀርም።»

ሥዕሉን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «ጠይቀን እናገኘዋለን» አለ። ግርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት።

ሰቆጣ ያረፍነው እትዬ ትበርህ የሚባሉ ሴት ሆቴል ነው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ትእዛዛቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። ከሠራተኞቻቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ፣ ከኛ ጋር በአማርኛ፣ ከኮረም ከመጣው ነጋዴ ጋር ደግሞ በትግርኛ ያወራሉ። ትኩስ ዳቦና ነጭ ማር ቀረበልን። ማሩ የረጋ፣ ንጹሕ፣ አበባ አበባ የሚል ነው፤ እኛ ማር እያልን የምንገዛው የስኳር ውሃ አሳፈረኝ። መብራት የሚመጣው ሲመሽ ነው። የካሜራው ባትሪ እንዳለቀ ሲሰሙ የማቀዝቀዣቸውን ጄኔሬተር አስነስተው «ለስላሳው ይሙቅ እንጂ እናንተ የመጣችሁበት ሥራ አይቆምም» አሉ።

አባትየውን የሚሆን ሰው እንደሌለን ስነግራቸው «ሽማግሌ ነው የምትፈልጉት? ነገ ገበያ አይደለም፣ ከነገ ወዲያ ነው። ያኔ የፈለጋችሁትን ሽማግሌ መርጣችሁ ትወስዳላችሁ» አሉን።

አራተኛው ቀን፤ ዛፉን ፍለጋ

መጽሐፌ ውስጥ፣ መናኸሪያው ጥግ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። የዋርካው ታሪክ አጭር ነው፤ ጥጉ ባዶ ሆነብኝና በዛፍ ሞላሁት። ሰቆጣ መናኸሪያ ግን ዋርካ የለም። ሳምሶን ግቢውን ዞሮ፣ ዞሮ መጣና «ያለ ዛፉ አልቀርጽም» አለ።

ከከተማው ውጭ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሰምቼ፣ ቢያንስ እሱን እንሳለም ብዬ ነበር። «መጽሐፉ ላይ የለም» ተባልኩ። የኔው መጽሐፍ እኔኑ ገደበኝ!

አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ቆላው ውስጥ ትልቅ ዋርካ አለ ብሎ ስለነገረን እሱን ፍለጋ በእግር ወረድን። ገበሬው «ቅርብ ናት» ብሎን ነበር። የአዲስ አበባ ሰው «ቅርብ ነው» ሲል ታክሲ ሳይያዝ ማለቱ ነው፤ የዋግ ሰው ሲል ደግሞ ስንቅ ሳይያዝ ማለቱ ነው። ፀሐዩ ከላይ፣ የጋለው ድንጋይ ከታች። መንገድ ላይ የሜሮን ጫማ ተረከዙ ተገነጠለ። አንድ ጎጆ ደጃፍ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት አየችንና ምንም ሳትጠይቅ ገብታ ኮንጎ ጫማ ይዛ ወጣች። ለካስ ያላት እሱን ብቻ ነው፤ ልብሱን በባዶ እግሯ ማስጣቷን ቀጠለች። ሜሮን እምቢ ብትላት ሴትዮዋ ተቆጣች። «እኔ ቤቴ ነኝ፣ አንቺ መንገደኛ ነሽ» አለቻት። ስንመለስ ጫማውን መለስን፤ ሜሮን የኮረሟን ጋቢ እንዳትሰጣት የሰው ሆነባት እንጂ ያን ቀን ያላትን ሁሉ ትሰጣት ነበር።

ዋርካውን አገኘነው። ግሩም ዛፍ ነው። ነገር ግን ዙሪያውን የሚታየው ሸለቆ ብቻ ስለሆነ መናኸሪያ ሊመስል አይችልም። ሳምሶን ሥሩ ቆሞ «ቅርንጫፍ ቆርጠን ወስደን ካሜራው ፊት ብንይዘው...» ብሎ ሳይጨርስ፣ ጥላው ሥር ለዳኝነት ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩት። አንዳቸው ቀስ ብለው «ምን አልክ ልጄ?» አሉት። ደግ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው፤ ጠላ ቀድተውልን ነበር። ጽዋውን ጨለጥንና በመጣንበት ወጣን።

ዳገቱን ስንወጣ ትዕግስቴ አለቀ። «ለምን ታሪኩን አትቀርጽም? ለምን ሥዕሉን ብቻ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ሰው የወደደው ያንን ነው። እኔ እንዳላበላሽብህ ነው» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እውነቱን ነበር። መጽሐፉን ከእኔ ይልቅ ይወደው ነበር፤ የሚያናድደውም ይኼው ነው።

አምስተኛው ቀን፤ አያ ኪሮስ

በገበያው ቀን ሰቆጣ በሰውና በፍየል ትሞላለች። ሰው ከዝቋላም ከአበርገሌም በእግሩ ገብቶ ያደረ ነው። ሳምሶን የሚፈልገው ሽማግሌ ሳይሆን ጺም ነበር። በፍየል ተራው መሀል ድንገት ቆመና ክንዴን ያዘኝ። ረጅም፣ ጎባጣ ሽማግሌ ሁለት ፍየል በገመድ ይዘው ቆመዋል። ጺማቸው መሀሉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ እኔ ከሐሳቤ ፈጥሬ የሳልኩት ጺም!

ገበያ አብረውን የወጡት እትዬ ትበርህ «ኪሮስ? አያ ኪሮስማ ዘመዴ ነው» ብለው እጃቸውን ይዘው ወደ ሆቴሉ አመጧቸው። ነገሩ ሲነገራቸው ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ አዝማሪ ልሆን?» አሉ። አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ ኽምጣኛ ኽምጣኛ የሚል ነው። ሥዕሎቹን ገጽ በገጽ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እያንዳንዱን ሥዕል እንደ ሰው ፊት ትክ ብለው እያዩ ተከተሉኝ።

«ልጅቷን ለምንድን ነው የማወርዳት?» ብለው ሳምሶንን ጠየቁት።

«መጽሐፉ ላይ ስለሚያወርዷት ነዋ አባባ።»

«መልካም» አሉ፤ ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር።

እትዬ ትበርህ ወደ ጓዳ ጠርተው ነገሩን። የአያ ኪሮስ ልጅ ዝናሽ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው ከዚሁ መናኸሪያ ነው። አባቷ ያኔ ኒሯቅ የሚባል ቦታ ለገበያ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነው። ልጅቷ እትዬ ትበርህ ስልክ ላይ ደውላ «አባቴን ደህና ነኝ በሉልኝ» ካለች በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም።

ለሳምሶን ይህንን ነግሬ «ሌላ ሰው እንፈልግ፤ ነውር ነው» አልኩት። እሱ ግን ጺሙን ብቻ ነበር የሚያየው። ተጣላን፤ እትዬ ትበርህ ባይገላግሉን ለሰው መሳቂያ ልንሆን ነበር። በመጨረሻ ራሳቸውን አያ ኪሮስን ጠየቅኋቸው።

«ግዴለህም፣ ልሁንላችሁ። እኔም አይቼው ልወቀው» አሉ።

ስድስተኛው ቀን፤ መናኸሪያው

ሳምሶን ከወልዲያው አውቶቡስ ሾፌር ጋር ተስማምቶ ነበር። አውቶቡሱ መናኸሪያው በር ላይ አንዴ ይቆማል፤ አንዴ ብቻ። ሜሮን ከእውነተኞቹ ተሳፋሪዎች መሀል በመስኮት በኩል ተቀምጣለች። ግርማ ካሜራውን መሬት ላይ አጋድሞታል፤ ምክንያቱም እኔ አባትየውን ከታች ወደ ላይ፣ ከወገብ በላይ ነው የሳልኩት። ይህን ያደረግሁት እግር መሳል ስለማይሆንልኝ ነው። አገር አቋርጦ በእግሩ የመጣ ሰው በፊልሙ ውስጥ እግር የለውም ማለት ነው! ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ደክሞኝ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አያ ኪሮስ ዱላቸውን ይዘው ከበሩ ውጭ እየሮጡ መጡና ፊቱ ቆሙ። አውቶቡሱ ቆመ፤ በሩም ተከፈተ። ሳምሶን መጽሐፉን ደረቱ ላይ ይዞ በከንፈሩ «ልጄን አውርዱልኝ» ይላል።

አያ ኪሮስ ግን ወደ አውቶቡሱ በር አልሄዱም። በጎን ዞረው ሜሮን መስኮት ሥር ቆሙ፤ ግርማም ካሜራውን አዙሮ ተከተላቸው። አንገታቸውን አቅንተው አዩዋት። ከፎጣቸው ጫፍ የተቋጠረ ቆሎ ፈትተው በመስኮት ሰጧት፤ ይኼ በመጽሐፉም በልምምዱም አልነበረም። ከዚያ «ልጄ፣ ሳልሸኝሽ ነበር እኮ የሄድሽው» አሏት። «ሂጂ። እግዜር ይከተልሽ። በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። የደግ ሰው ቤት ያግባሽ። ደግሞ ደውይ። ድምፅሽን አሰሚኝ።» ቀጥሎ በኽምጣኛ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ከኋላዬ የቆሙት እትዬ ትበርህ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አያ ኪሮስም የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ረዳቱ ምልክት መስሎት «ሳበው!» አለ።

አውቶቡሱ ሜሮንን ይዞ ሄደ።

«ቁም! ቁም!» እያለ ሳምሶን በአቧራው ውስጥ ሮጠ። እኔና ግርማ ካሜራውን መኪናው ውስጥ ወርውረን ተከተልን፤ ያገኘናቸው ከከተማው ርቀው አንድ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ሜሮን ቆሎውን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። ተሳፋሪዎቹ ትወና መሆኑን አላወቁም። አንዲት አሮጊት ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ይዘው ያባብሏታል፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ብርቱካን ጭኗ ላይ አስቀምጦላታል። ከአውቶቡሱ ስናወርዳት አሮጊቷ «ተመለሰች! አባቷ አዘነና አስመለሳት!» ብለው እልል አሉ። ማን ይንገራቸው?

ስንመለስ ሳምሶን አያ ኪሮስን «ነገ እንደገና እንሠራዋለን። በመጽሐፉ መሠረት» አላቸው።

«አይሆንም ልጄ።»

«ትንሽ ነገር ናት አባባ፤ ‹ልጄን አውርዱልኝ› ማለት ብቻ።»

«ሸኝቼ አልመልስም። የሸኙትን ሰው መልሶ ማውረድ ገድ የለውም። ሌላ የፈለግኸውን እዘዘኝ» አሉት። ሳምሶን ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አያ ኪሮስ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት እንጂ ቃላቸውን አልለወጡም።

ወደ ዝቋላ ሊነሱ ሲሉ ወደኔ መጥተው «እስቲ መጨረሻዋን አሳየኝ» አሉ። ገለጥኩላቸው። ልጅቷ ከአውቶቡሱ ደረጃ እየወረደች ነው፤ አባቷ እጁን ዘርግቷል። ጣታቸውን ሳያስነኩ ከሥዕሉ በላይ አንዣበቡት።

«እዚህ ወርዳለች» አሉ።

«አዎ፣ ወርዳለች።»

«እቺኛዋን አትንካት። እቺኛዋ ቤቷ ትግባ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አልኳቸው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወደ ቆላው ሲወርዱ እስኪሰወሩ አየኋቸው።

ከተመለስን በኋላ

አዲስ አበባ ገብተን ብዙም ሳንቆይ ሳምሶን ቤቴ መጣ። የሽማግሌውን ቀረጻ ደጋግሞ አይቶታል፤ ሊጥለው አልቻለም። የትም የማይገኝ ነገር መሆኑን እሱም ገብቶታል። ነገር ግን መጽሐፉን አልነካም ብሎ ምሏል። መፍትሔ ይዞ ነበር የመጣው።

«መጨረሻውን እንደገና ሳልልኝ» አለ። «መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ልጅቷ ትሂድ። ያኔ ፊልሙ ልክ እንደ መጽሐፉ ይሆናል።»

አየሁት። ከጣርማበር ጀምሮ ስንት ጊዜ ነው «ቀይር፣ ልቀቀኝ፣ እንዳሻህ አድርግ» ያልኩት? «አይሆንም» አልኩት። ለምን ቢለኝ ነገርኩት። ለመነኝ። እኔም ልክ እንደ አያ ኪሮስ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት።

ፊልሙ ከነአያ ኪሮስ ሽኝት እንዲሁ ወጣ። የምርቃቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እትዬ ትበርህን በስልክ ብጠራቸው ሥራ በዝቶባቸው አልመጡም፤ የዝናሽ ስልክ አሁንም እንዳልመጣ ግን ነገሩኝ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ከመሀል አንድ ወጣት ተነሳ፤ መጽሐፌን ከፍ አድርጎ ይዟል።

«መጽሐፉ ላይ ልጅቷ ትወርዳለች» አለ፤ ድምፁ ቁጣ አለበት። «ፊልሙ ላይ ግን አባቷ ሂጂ ይላታል። የደራሲውን ሥራ እንደዚህ አድርጎ መበረዝ ምን ይባላል?»

ሳምሶን ማይክሮፎኑን ይዞ ቆመ። ያ በጣርማበር ጉም፣ በዋግ ቆላ መጽሐፉን እንደ ታቦት ተሸክሞ የዞረ ሰው፣ በራዥ ተባለ። አሳዘነኝ።

«ደራሲውን እንዲቀይረው ለምኜው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እምቢ አለኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳምሶን በጣቱ ወደኔ ጠቆመ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወጣቱ «ለምን?» አለኝ።

ተነስቼ «መጨረሻ ላይ ያያችኋቸው አባት ‹እቺኛዋ ቤቷ ትግባ› ብለውኛል» አልኩና ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።